ዞሮ ዞሮ ከቤት፦ ወደ አሮጌው ዴስክቶፕ የተመለሱ ሰዎች ታሪክ

ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ሜኑውን ከፍቶ ማጥፊያውን ቢፈልግ ያጣዋል። ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስተኛ ትእዛዝ ብቻ ነው። ማጥፊያው እንዲወጣ ኪቦርዱ ላይ «አልት» የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚናገር ምልክት ግን ስክሪኑ ላይ የለም። መስኮቶችን ዝቅና ሰፋ የሚያደርጉት ምልክቶችም ከጥጋቸው ጠፍተዋል። የተከፈቱ ፕሮግራሞች ከታች የሚደረደሩበት መስመርም የለም። ትናንት ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራበት የነበረ ማሽን ዛሬ የሰው ቤት ሆኖበታል።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2011 «ግኖም 3» ይፋ ሲሆን ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ላይ የስርዓቱ ሆድ ዕቃና ዓይናችን የሚያየው ገጽታ አንድ ላይ ተሰፍተው ይመጣሉ። ሊኑክስ ላይ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሜኑው፣ መስኮቱ፣ ፋይል መክፈቻው በአንድነት «ዴስክቶፕ» ይባላል፤ ተጠቃሚውም ከብዙ ዴስክቶፖች የፈለገውን መርጦ መጫን ይችላል። ከእነዚህ ዋነኞቹ ኬዲኢና ግኖም ናቸው።

ግኖም ሲወለድ ራሱ የነፃነት ጥያቄ ነበር። በ1996 ጀርመናዊው ማቲያስ ኤትሪክ ኬዲኢን ሲጀምር የተጠቀመበት «ኪዩት» የተባለ መሣሪያ ፈቃዱ ሙሉ ነፃ አልነበረም። ይህ ያሳሰባቸው ሁለት ሜክሲኳውያን፣ ሚጌል ዴ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና፣ በኦገስት 1997 ግኖምን ጀመሩ። ማንም ሰው ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲለውጥ፣ መልሶም እንዲያከፋፍል የሚፈቅድ ዴስክቶፕ ነበር። ያኔ ይህ የሕግ ቁምነገር ለተራው ተጠቃሚ ብዙም ትርጉም ያለው አይመስልም ነበር። ትርጉሙ የታየው ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

በጁን 2002 የወጣው ግኖም 2 ለብዙዎች የሊኑክስ መልክ ሆነ። ከላይ አንድ መስመር፣ ከታች አንድ መስመር፣ ግራ ጥግ ላይ ሦስት ሜኑ፤ በቃ። የስፔኗ ኤክስትሬማዱራ ክልል መንግሥት በዚሁ ዴስክቶፕ ላይ የተመሠረተ የራሱን ሊኑክስ አዘጋጅቶ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ አስገብቷል። በ2004 ብቅ ያለው ኡቡንቱም ዓለምን የተዋወቀው በግኖም 2 ፊት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የተረሳ ነገር አለ። ኋላ የተለቀሰለት ግኖም 2 ሲወጣ እሱም ተወግዟል። አዘጋጆቹ ለአጠቃቀም ይቅለል ብለው የቀድሞውን ዝርዝር ምርጫ ስለቀነሱ «ተጠቃሚውን እንደ ሕፃን ቆጠሩት» ተባለ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2005 ሰዎች ግኖምን ትተው ኬዲኢን እንዲጠቀሙ እስከመምከር ደርሷል። ዛሬ «የጥንቱ ደህና ዘመን» የሚባለው ትናንት የተማረሩበት ለውጥ ነበር።

የግኖም 3 ሐሳብ በ2008 ኢስታንቡል በተካሄደው የግኖም ጉባኤ ላይ በይፋ ተነገረ። አዘጋጆቹም ያለ ምክንያት አልተነሱም። የአሮጌው ቤት ምሰሶዎች ማንም የማይጠግናቸው ያረጁ ክፍሎች ነበሩ። የመልእክትና የማሳሰቢያ ብዛት ሥራ ያቋርጣል፤ ስክሪኖችም መልካቸው እየተለወጠ ነው። ስለዚህ መታደስ እንዳለበት ብዙ ክርክር አልነበረም። ቅሬታው የመጣው ጥገናው ሲጠናቀቅ የቤቱ ባለቤት የራሱን መኝታ ቤት ማግኘት ስላቃተው ነው።

«ታዲያ ያልወደደው ሰው አሮጌውን ለምን አይጠቀምም?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች የሚመጡት እንደ ፌዶራና ኡቡንቱ ካሉ ስርጭቶች የጋራ ጎተራ ነው። አዲሱ ግኖም ብዙ ክፍሎቹን በአሮጌው ስም ስለያዘ ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር አስቸጋሪ ነበር። ስርጭቶቹ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ፌዶራ 15 በሜይ 2011 በግኖም 3 ወጣ። ኡቡንቱ ደግሞ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ «ዩኒቲ» ወደተባለው የራሱ ገጽታ ዞሯል። በአሮጌው ልቆይ ያለ ሰው ስርጭቱንም አሮጌውን ይዞ መቅረት ነበረበት። የደኅንነት እድሳቱ ጊዜ ሲያበቃ ደግሞ በሩ በማይቆለፍ ቤት እንደማደር ነው።

ተቃውሞው በረታ። ቀደም ሲል በኬዲኢ 4.0 ተማርሮ ወደ ግኖም 2 ተሻግሮ የነበረው ቶርቫልድስ አሁንም ጓዙን ጠቅልሎ «ኤክስኤፍሲኢ» ወደተባለው ቀላል ዴስክቶፕ ገባ። ሊኑክስን የፈጠረው ሰው እንኳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለቴ ተሰደደ ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው ሲማረር አንድ አርጀንቲናዊ ተጠቃሚ ግን ሌላ ነገር አደረገ። በጁን 2011 የግኖም 2ን ኮድ ቀድቶ ለብቻው ማስቀጠል ጀመረ። ፈቃድ የሚጠይቀው አካል አልነበረም፤ በ1997 የተጻፈው የነፃነት ቃል ይህን አስቀድሞ ፈቅዶለታል። ሥራውንም «ማቴ» አለው፤ በአገሩ በየቤቱ በሚጠጣው ቅጠል ስም። ከአዲሱ ግኖም ጋር እንዳይጋጭ እያንዳንዱ ክፍል ሌላ ስም ያስፈልገው ስለነበር የስፔን ቃላት ገቡ። ፋይል መክፈቻው «ካሃ» ተባለ፣ ሣጥን ማለት ነው። መስኮቶችን የሚያስተዳድረው «ማርኮ» ሆነ፣ ክፈፍ ማለት ነው። መጻፊያው «ፕሉማ» ተሰኘ፣ ብዕር ማለት ነው።

ሊኑክስ ሚንት የተባለው ስርጭት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ማቴን ለተጠቃሚዎቹ አቀረበ። የሚንት መሪ ክሌመንት ለፌቭር ቀጥሎ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ የግኖም 3ን አዲስ መሠረት ወስዶ የድሮውን መልክ የሚያለብስ «ሲናመን» የተባለ ዴስክቶፕ አቀረበ። አንዱ አሮጌውን ቤት ጠገነ፣ ሌላው በአዲሱ መሠረት ላይ የአሮጌውን ዓይነት ቤት ሠራ።

በሌላው ወገን ምን ሆነ? ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ በሚሊዮኖች የለመዱትን የ«ስታርት» ምልክት አነሳው። ተጠቃሚው ጮኸ። ምልክቱ የተመለሰው ግን ኩባንያው ሲፈቅድ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በ8.1 ነው፤ የድሮው ሜኑም አብሮት አልመጣም። የዊንዶውስ 7ን ኮድ ቀድቶ «እኔ አስቀጥለዋለሁ» የሚል ሰው ሊነሳ አይችልም። ሕጉ አይፈቅድለትም፤ ኮዱም የለውም።

ይሁን እንጂ ወደ ኋላ መመለስ ነፃ ምሳ አልነበረም። የማቴ ሠራተኞች አሮጌውን ቤት ለማቆም ያረጁትን ምሰሶዎች አንድ በአንድ መተካት ነበረባቸው። ከአሮጌው መሣሪያ ወደ አዲሱ ሙሉ በሙሉ የተሻገሩት በማርች 2017፣ በ1.18 እትም ነው። ባለበት የቆመ የሚመስለውን ገጽታ ለማቆየት ስድስት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ዛሬ ማቴን የሚከፍት ሰው የሚያየው የ2010 ዴስክቶፕ ይመስለዋል፤ ከሥሩ ያለው ግን በአብዛኛው ተቀይሯል።

ተመላሾቹ ሌሎችንም አንቀሳቅሰዋል። ግኖም በ2013 የድሮውን አቀማመጥ የሚመስል «ክላሲክ» ገጽታ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የሬድ ሃት የድርጅቶች ሊኑክስ፣ ቁጥር 7፣ መነሻ ገጽታው ይኸው ክላሲክ ሆነ። ማጥፊያውም ወደ ሜኑው ተመለሰ። ኡቡንቱ በ2017 ዩኒቲን ትቶ ዳግም ወደ ግኖም ገባ፤ ግን ወደ ሦስተኛው። ቶርቫልድስም ቢሆን በ2013 ተጨማሪ ማስተካከያዎችን ጭኖ ወደ ግኖም 3 ተመልሷል። አዲሱ አልተሸነፈም፤ በትልልቆቹ ስርጭቶች ላይ ዛሬም ዋናው እሱ ነው።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይባላል። ቤት ለመመለስ ግን መጀመሪያ ቤቱ ሳይፈርስ መቆየት አለበት፤ ቁልፉም በተመላሹ እጅ መሆን አለበት። የግኖም 2 ተጠቃሚዎች ሁለቱም ነበራቸው። ቁልፉን የቀረጹላቸው በ1997 ስለ ፈቃድ ሲጨቃጨቁ ሰው ነገር አካባጆች ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቤቱን ያቆሙት ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ የሠሩ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።