ያጠረ ክንድ

አባቶቻችን ጨርቅ የሚለኩት በክንድ ነበር፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። ገበያ ሲወጡ ክንደ ረጅም ዘመድ ማስከተልም የገዢ ብልጠት ነበር። ዛሬ ሜትር አለንና ክንዱ ስላጠረ ጨርቅ የሚጎድልበት የለም። «ያጠረ ክንድ በቀዶ ሕክምና ይረዝማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን አለ። በአዊ ምድር ደግሞ ጥያቄው የቁንጅና ብቻ አይደለም።

አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ፈረስ ባለበት መውደቅ አለ፤ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። ልጅ ከሆነ፣ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አንጓው አጠገብ አለ። እሱ ከተጎዳ አንደኛው አጥንት እድገቱን ሊያቆም ይችላል፤ ሌላው ግን ማደጉን ይቀጥላል። ያኔ እጁ ወደ ጎን ይቆለመማል።

አጥንት ማስረዘም የተጀመረው በእግር ነው። ጣሊያናዊው ኮዲቪላ እ.ኤ.አ. በ1905 ስለዚሁ ጽፎ ነበር፤ የእሱ ዘዴ አጥንቱን ቆርጦ በኃይል መሳብ ነበርና ጣጣው ብዙ ሆነ። ነገሩን የለወጠው በ1950ዎቹ በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ይሠራ የነበረው ኢሊዛሮቭ ነው። እንደሚወራው አንድ በሽተኛ አጥንቱን የሚያጠብቀውን ብሎን በስሕተት ወደ ማላላት አዞረው፤ በክፍተቱ መሐል አዲስ አጥንት በቀለ! ዛሬም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ አጥንቱ ተቆርጦ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ያውም በአራት ተከፍሎ ይሳባል። አንዲት ሴንቲ ሜትር አድጋ እስክትጠና ከአንድ ወር በላይ ትፈጃለች።

ክንድ ግን እግር አይደለም። ከክርን በታች ሁለት አጥንቶች አሉ፤ በአውራ ጣት በኩል ራዲየስ፣ በትንሿ ጣት በኩል አልና። መዳፋችንን የምንገለብጠው አንደኛው በሌላው ላይ ሲዞር ነው። ስለዚህ ርዝመት ሲገኝ ይህ መዞር ሊጠፋ ይችላል። አጥንቱ ቶሎ አልገጥም ሊል፣ ብረቱ የገባበት ሊያመረቅዝ፣ ነርቭ ሊጎዳ፣ ጣት ሊደርቅ ይችላል። እንግዲህ እንጀራ መቁረስና ልጓም መያዝ ያቃተው ረጅም እጅ ምን ይፈይዳል? በኔ ሚዛን አንዱን አጥንት ከሌላው አስተካክሎ የተቆለመመን አንጓ ለማቅናት ከሆነ ሥራው ያዋጣል። ለመልክ ብቻ ከሆነ ግን ይቅር።

ቀለበት ብረቱን በኛም አገር የተቆለመመ እግር ለማቅናት ይሠሩበታል። ችግሩ ወሩ ነው። የዳንግላ ገበሬ ልጁን ይዞ አዝመራውን ጥሎ ስንት ወር ከተማ ይቀመጣል?

ስለዚህ ከሩቁ ብረት በፊት ቅርቡን የእንጅባራን ቀርከሃ ማየት ይሻላል። ወጌሻ የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ስንጣሪ ያስራል። እጀ መልካም ወጌሻ ብዙ አጥንት አቅንቷል፤ አጥብቆ ሲያስር ግን ደም ይታገዳል። የልጆች እጅ በዚህ ሰበብ ሞቶ እየተቆረጠ መሆኑን የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ወይም ሲዘረጓቸው ልጁ ከጮኸ፣ ማሰሪያው የሚፈታውና ወደ ሐኪም ቤት የሚሮጠው በዚያው ሰዓት ነው፤ ሌሊትም ቢሆን።