ካባ፣ ኤንትሬና የጎጃም መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በዳንግላና በዱርቤቴ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ጠጠሩን ያገኘው ከአካባቢው ነው። ከእንጅባራ እስከ ጣና ያለውን ምድር የጥንት እሳተ ገሞራ ጥቁርና ቀይ ድንጋይ አልብሶታልና።

ድንጋይ የሚወጣበት ስፍራ «ካባ» መባሉ ከጣልያንኛ ነው። «ካምቢዮ»፣ «ፍሬን»፣ «ባሌስትራ» የተሰኙትም ቃላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራና ከዚያም በኋላ በመጡት የጣልያን መኪናዎች አማካይነት የሠራተኛው ቋንቋ ሆኑ። ወራሪው ተባረረ፤ ሙያው ግን የአገሬው ሆነ።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። ፊያት 682 መመረት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ «ኤንትሬ» የተባለው ዓይነቱ በኢትዮጵያ ስመ ጥር ሆነ። የጣልያን ከባድ መኪና መሪው በቀኝ የነበረው፣ ሾፌሩ በተራራ መንገድ የገደሉን አፋፍ በቅርብ እንዲያይ ነው። አገሪቱ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ስትዛወር ይህ ጥቅሙ ጎልቶ ታየ።

ድንጋይ የጫነ መኪና ይበልጥ የሚያሰጋው በቁልቁለት ነው። ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ብልህ ሾፌር ገና ከአፋፉ ሳይወርድ ማርሹን ዝቅ አድርጎ መኪናውን በሞተሩ ይይዛል። አቀበት ላይ መኪናው ቢቆም ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያኖረው ረዳቱ ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት በእርሱ ቅልጥፍና ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የመንገድ ታሪክ ኪሎ ሜትርና ወጪ ይቈጥራል። የሾፌሩና የረዳቱ ዕውቀት ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ፣ ባለቤቶቹ ሳያልፉ ቢመዘገብ ለመጪው ባለሙያ ትልቅ ስንቅ ይሆናል።