እስክንድርያና እኛ

ሰሞኑን እዚህ አውሮራ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ፣ ዴንቨር ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የእኛ ዓመት ከፈረንጁ ለምን ወደ ኋላ ቀረ?» ሲል ጠየቀኝ። «ከእስክንድርያ የመጣ ሒሳብ ነው» አልኩት። «እሷ ደግሞ የት ናት?» አለኝ። አጠገቤ የነበሩት እኩዮቼም ዝም አሉ። ለመሆኑ ስሟን ስንጠራ የኖርናትን ከተማ ምን ያህል እናውቃታለን?

እስክንድርያን በ331 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የቆረቆራት ታላቁ እስክንድር ነው። ከእሱ በኋላ የነገሡት በፋሮስ ደሴት ላይ ከመቶ ሜትር በላይ የሚረዝም የመርከብ መብራት ማማ አቆሙ፤ ዝነኛውን ቤተ መጻሕፍትም አደራጁ። በሮማውያን ዘመን የግብፅ ስንዴ ወደ ሮማ የሚጫነው ከወደቧ ነበር።

ወደ እኛም ብዙ ነገር መጣ። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን እዚያ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ያሰላው ዘመን ነው ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የለየን። የስደት ማመልከቻ ስንሞላ የልደት ቀናችንን የመነዘርነው በእሱ ሒሳብ ምክንያት ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ አዱሊስ ደርሶ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ ዛሬ የምናውቀው በእሱ ግልባጭ ብቻ ነው።

አንድ የምንሳሳትበት ነገር አለ። ጳጳሶቻችን እስከ ትናንት ድረስ ከእስክንድርያ ከተማ የመጡ ይመስለናል። መንበሩ ግን ስሙን እንደያዘ በ11ኛው መቶ ዓመት ወደ ካይሮ ተዛውሯል። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ በ1951 እ.ኤ.አ. ሊቀ ጳጳስ፣ በ1959 ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ የጠበቅነው ካይሮን ነበር።

ከተማዋ ለምን ደከመች? አንደኛው ምክንያት ዋና ከተማነቱን ማጣቷ ነው። ሁለተኛው ግን እኛን ይነካል፤ ከዓባይ ወደ እርሷ የሚወስደው የውሃ መንገድ በየጊዜው በደለል ይደፈን ነበር፤ ያ ደለል ደግሞ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች የታጠበ አፈር ነው። በ1798 ናፖሊዮን ሲደርስ ያገኛት ትንሽ ከተማ ነበረች። መሐመድ ዓሊ ብዙ ሺህ ገበሬ ያለቀበትን የመሕሙዲያ ቦይ በ1820 አስጨርሶ የዓባይን ውሃ ሲያደርስላት እንደገና ነፍስ ዘራች። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–65) የጥጥ ዋጋ ባናረ ጊዜም በጥጥ ንግድ በለጸገች።

ዛሬ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል፤ የግብፅ ገቢና ወጪ ንግድ ትልቅ ክፍል በወደቧ ያልፋል። ጎብኚ በማማው ፍርስራሽ ላይ በ15ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የቃይትባይን ምሽግ፣ በ2002 የተከፈተውንም አዲሱን ቤተ መጻሕፍት ያያል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ወደብ በባሕሩ ብቻ አይኖርም፤ የሚኖረው ከኋላው ባለው አገር ነው። ለእስክንድርያ ያ ኋላ አገር በካይሮ አያበቃም፤ አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ብዙዎቻችን በእልልታ፣ ብዙ ግብፃውያን በሥጋት ተቀበሉት። ሥጋታቸውን መናቅ አይገባም፤ ቦዩ ሲደፈን ምን እንደሚሆን ከተማቸው አይታዋለች። እነሱም በበኩላቸው ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ባሕር በር የቀረ ሕዝብ ምን እንደሚሰማው ሊረዱልን ይገባል። ኋላ አገር የሌለው ወደብና ወደብ የሌለው ኋላ አገር ችግራቸው አንድ ነው።

ለወጣቱ በሚቀጥለው እሑድ ካርታ ይዤለት እንደምመጣ ነግሬዋለሁ። እኩዮቼም «ለእኛም አምጣልን» ብለውኛል።

ቸር ይግጠመን።

ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ