የጥንት ዓሣ ቅሪተ አካል ያገኘ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በታችኛው ኦሞ ሸለቆና በአፋር ክልል በሐዳር አካባቢ የአምባዛና የሌሎች ጥንታዊ ዓሦች ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። ዛሬ ደረቅ በሆነ ሥፍራ የዓሣ አጥንት መገኘቱ በቦታው ቀድሞ ወንዝ ወይም ሐይቅ እንደነበረ ያመለክታል። የአጥንቱ ዕድሜ የሚታወቀው በአብዛኛው በበላዩና በበታቹ በተነጠፈው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው። በመሆኑም ቦታው ሳይመዘገብ የተነሣ ቅሪተ አካል ዋነኛ መረጃውን ያጣል።

የፈቃድ ግዴታ

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም ሆነ መቆፈር አይችልም። ለግል ስብስብ በትርፍ ጊዜ የሚደረግ ፍለጋም ከዚህ ውጭ አይደለም። ቅሪተ አካልን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው።

በአጋጣሚ ሲገኝ

በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በመሳሰለው ሥራ ላይ ቅሪተ አካል ያገኘ ሰው፦

• ሥራውን በዚያ ቦታ ያቆማል፤ አጥንቱን አይነቅልም፣ አያጥብም።
• መጠኑን ለማሳየት ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ አኑሮ ፎቶግራፍ ያነሣል።
• የቦታውን አቅጣጫና የተገኘበትን ቀን ይመዘግባል።
• ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወዲያውኑ ያሳውቃል፤ ለዚህም የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እገዛ መጠየቅ ይችላል።
• ባለሥልጣኑ እስኪረከብ ድረስ ቅርሱን እንዳለ ይጠብቃል።

በአጋጣሚ ያገኘውን ቅርስ ያስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውና ለዚሁ ያወጣው ወጪ እንዲተካለት በአዋጁ ተደንግጓል።