ልውጥ ሕያዋን በኢትዮጵያ

ልውጥ ሕያው (ጂኤምኦ) በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ ዘረመሉ የተለወጠ ተክል፣ እንስሳ ወይም ረቂቅ ተሕዋስ ነው። በኢትዮጵያ ክርክሩ የከረረው ከምግቡ ይልቅ በዘሩ ላይ ነው፤ ዘሩ የማን ነው? ማሳ ለማሳ ከተዛመተስ ማን ይመልሰዋል?

ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካ ቡድን ዋና ተደራዳሪ ሆነው በ1992 ዓ.ም. የጸደቀው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል እንዲገኝ ታግለዋል። አዋጅ ቁጥር 655/2001 ይህንኑ ጥንቃቄ ተከትሎ ወጣ። ተመራማሪዎች ግን ለሙከራ እንኳ በር የዘጋ ነው ሲሉ ተቹት፤ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ ላላ። በ2010 ዓ.ም. ቢቲ ጥጥ ለገበያ እንዲመረት ተፈቀደ።

ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል አለው። ጓይ ትል ተክሉን ሲበላ ይሞታል፤ ገበሬውም ለትሉ የሚረጨው መድኃኒት ይቀንሳል። ጥቅሙ ግን ዘላቂ ላይሆን ይችላል፤ በሕንድ አንዱ የጥጥ ትል ዝርያ መርዙን ተላምዶታል።

ተቃዋሚዎች ገበሬው በየዓመቱ ዘር ገዢ ይሆናል ይላሉ። እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን የተጨመረው ዘረመል ሳይሆን የተፈቀዱት ዝርያዎች ድቅል መሆናቸው ነው። ድቅል በቆሎ የሚዘራ ገበሬም ይህን ያውቀዋል።

ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው ስጋት መዳቀል ነው። በቆሎ ከውጭ የመጣ ሰብል በመሆኑ በኢትዮጵያ የዱር ዘመድ የለውም። ማሽላ ግን አለው፤ ልውጥ ማሽላ ቢዘራ የአበባ ብናኙ ወደ ዱሩ ሊሻገር ይችላል።