በከተማ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ የሕዝብ ድምፅ፦ የሲያትል ተሞክሮ

በአሜሪካ ምርጫ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፕሬዝዳንት ወይም ከንቲባ መምረጥን ነው። ሆኖም የምርጫ ወረቀቱ ከእጩዎች ስም ሌላ፣ በድጋፍ ወይም በተቃውሞ የሚመለሱ ጥያቄዎችም ይዞ ይመጣል። ጥያቄዎቹ የሚቀርቡት የመንግሥት አካላት ለአዲስ ግብር የሕዝብ ፈቃድ ሲጠይቁ፣ አለያም ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው የሕግ ረቂቅ ሲያመጡ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሲያትል አካባቢ እነዚህ ድምፆች የከተማዋን መሀልና የነዋሪውን ኪስ ለውጠዋል።

ባቡር፦ እ.ኤ.አ. በ1995 ውድቅ የተደረገው የትራንስፖርት ዕቅድ ተቀንሶ በ1996 ጸደቀ። ከሽያጭና ከተሽከርካሪ ግብር በተገኘው ገንዘብ ጭምር የተሠራው ቀላል ባቡር በ2009 መሀል ከተማውን ከአየር ማረፊያው አገናኘ። በግንባታው ዓመታት ግን በሬይኒየር ቫሊ የሚገኙ የስደተኞች ሱቆች ገበያ ተቀዛቅዞባቸው ነበር። ለአካባቢው የ50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ የተቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መናፈሻ፦ ከመሀል ከተማው በስተሰሜን ሰፊ መናፈሻ ለመሥራት የቀረበውን ግብር መራጮች በ1995 እና በ1996 ሁለት ጊዜ ውድቅ አደረጉ። ለመናፈሻው በፖል አለን ብድር የተገዛው መሬት ወደ ባለሀብቱ ተመለሰ፤ ኩባንያውም አካባቢውን አለማው። አማዞን በ2010 ወደዚያው መዛወር ጀመረ። "አይሆንም" የሚለው ድምፅም እንደ "ይሁን" ሁሉ ከተማን ይቀይራል።

ደመወዝ፦ በአየር ማረፊያዋ ከተማ በሲታክ፣ በ2013 የትራንስፖርትና የሆቴል ሠራተኞች ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 15 ዶላር እንዲሆን ድምፅ ተሰጠ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ በርካታ ሙስሊም ሠራተኞች ነበሩ። ሕጉ ያለፈው በ77 ድምፅ ልዩነት ብቻ ነው። በአየር ማረፊያው ውስጥም እንደሚሠራ የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ግን በ2015 ነበር። የሲያትል ምክር ቤት ደግሞ በ2014 የራሱን የ15 ዶላር ሕግ አወጣ።

ስለዚህ የመምረጥ መብት ያለው ሰው የእጩዎችን ስም ብቻ መርጦ ወረቀቱን ማሸግ የለበትም። ግብሩን የሚከፍለው ማን ነው? ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል? ሥራው እስኪያልቅ የሚጎዳውን ሱቅ ማን ይደግፋል? ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሽያጭ ግብር ለምሳሌ ገቢው ዝቅተኛ በሆነው ቤተሰብ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ድምፅ አማና ነው፤ 77 ሰው ደግሞ በአንድ መስጂድ የጁሙዓ ሶፍ ውስጥ ከሚሰለፈው ብዙም አይበልጥም።