ሁለተኛው ናዳ፦ የጎፋ አደጋና የደራሾች ደኅንነት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ በሕይወት ነበሩ። የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ፣ ሐምሌ 15 ቀን ሁለተኛ ናዳ ወረደባቸው። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ከእነዚሁ ደራሾች መካከል ነበሩ።

ስለ አደጋ ጊዜ ደኅንነት የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው ሽሽትን ያስተምራል፦ ከወንዝ ዳር ራቁ፣ ከገደል ሥር አትስፈሩ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የድሬዳዋን ነዋሪ በሌሊት፣ በተኛበት ስለደረሰበት እንዲህ ያለው ምክር ለዚያ ይበጃል። ጎፋ ላይ ግን ብዙ ሰው የሞተው ወደ አደጋው ሮጦ ነው። በገጠራችን እሪታ ሰምቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነገ ጎረቤቱን በምን ዓይኑ ያየዋል?

ናዳ የሚደገምበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዝናብ ሲበረታ ወደ አፈሩ የሰረገው ውኃ ክብደቱን ይጨምራል፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል የሚፈጥረው ግፊትም መያያዛቸውን ያላላል። የተዳፋቱ የታችኛው ክፍል ተንሸራቶ ሲሄድ ከላይ የቀረው ድጋፉን ያጣል፤ አፋፉም ከቀድሞው ይበልጥ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት የናዳው ሥር በዚያች ሰዓት ከአካባቢው እጅግ አስጊው ቦታ ነው። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ የሚረግፍ ጠጠር ምልክት ይሰጣሉ። የቆፋሪ ዓይን ግን መሬት ላይ ነው፤ ጆሮውም ከአፈር በታች ድምፅ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የጎፋው ተዳፋት ለማሽን ስለማይመች ፍለጋው በአካፋና በባዶ እጅ፣ በብዙ ሰው ጉልበት የሚካሄድ ነበር።

እንዲህ ላለ ሕዝብ «አትድረስ» ቢሉት አይሰማም፤ ሊባልም አይገባም። ልጁ ከአፈር በታች ለቀረችበት አባት ደራሽ ጎረቤት ብቸኛ ተስፋው ነው። የሚያስፈልገው ደራሽነቱን ሥርዓት ማስያዝ ነው። የሠለጠኑ ነፍስ አድን ቡድኖች አንድ ሰው ሳይቆፍር ከዳር ቆሞ ተዳፋቱን ብቻ እንዲጠብቅ ይመድባሉ፤ እሱ ድምፅ ሲያሰማ ሁሉም ሥራውን ጥሎ፣ አስቀድሞ ወደተለየው መሸሻ፣ ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን ይሮጣል። ቆፋሪዎቹም በጥቂት በጥቂቱ እየተፈራረቁ ይገባሉ፤ የቀረው ሰው ከናዳው መውረጃ ርቆ ይጠብቃል። ለምልክት ፊሽካ ወይም የዕድር ጥሩንባ ይበቃል። ሌላው ሲቆፍር ቆሞ የሚያይ ሰው ሰነፍ መስሎ እንዳይነቀፍ ግን ኃላፊነቱን ሕዝቡ የሚያከብረው ሽማግሌ ቢይዘው ይመረጣል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ትኩረቱን ከዕርዳታ ወደ ቅድመ ዝግጅት አዙሯል። በተዳፋት ላይ የሰፈሩ ቀበሌዎች አስተዳደሮችም ሰኔ ሳይገባ ከነዋሪው ጋር ተማክረው ጠባቂውን በስም ይሰይሙ፣ መሸሻውንም ለይተው ያሳዩ።